ሽማግሌ ያስታረቃቸው ባልና ሚስት ለምን በወሩ ይመለሳሉ? (ስለ አመልና ስለ ቤት ውስጥ ጠብ)

ጮቄ_ስር
እንዴት ከረማችሁ። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ላሉ አስታራቂ ሽማግሌዎችና ለተጫጩ ልጆች የግማሽ ቀን ትምህርት እየተሰናዳ ስለሆነ ነገሩን የምታውቁ ብታግዙን ብዬ ነው።

ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚቀርብለት ድርጊቱ ነው። «ወይፈኑን ሳይነግረኝ ሸጠው»፣ «እናቴን በሰው ፊት አዋረደቻት»፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ቃል አልተነፈሰም» ይባላል። ጥፋተኛው ይለያል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ይመረቃል፣ ይበተናል። ወር ሳይሞላ ያው ጠብ በሌላ ምክንያት ይነሣል። ወይፈኑ ቀርቶ ባሕር ዛፉ፣ እናትየዋ ቀርታ እህትየው ትሆናለች እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

«አመል ያወጣል ከመሐል» ይባላል። የትኛው አመል ነው አብዝቶ የሚያጋጨው? አመልስ ይለወጣል ወይ? ሽማግሌው ከድርጊቱ አልፎ አመሉን እንዲያይ ምን ብሎ ይጠይቅ? «ተቻቻሉ» የምትለዋን ምክር ሁላችንም ስለምናውቃት እሷን ተዉልኝ።

የዳሞቷ
ወንድሜ ጮቄ_ስር፣ በመጀመሪያው ጥያቄህ ልጀምር።

የሥነ ልቦና ሰዎች ጠባይን በብዛት የሚለኩት በአምስት ዘርፍ ነው። ስሜት ቶሎ መናወጥ (ስጋት፣ ሆደ ባሻነት፣ ንጭንጭ እዚህ ይገባሉ)፣ ለሰው ማዘንና እሺ ባይነት፣ ጥንቁቅነትና ሥርዓት፣ ሰው ወዳድነት፣ አዲስ ነገር ለመሞከር ክፍት መሆን። አምስቱም በሁሉም ሰው ላይ አሉ፤ የሚለያየው መጠኑ ነው።

ለትዳር ጠብ በየጥናቱ ስሙ የሚነሣው የመጀመሪያው ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ የተጫጩ 300 ጥንዶችን እስከ 1980ዎቹ መግቢያ የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት አለ። ትዳር መፍረሱን ወይም መመረሩን ቀድመው ያመለከቱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የባል ስሜት መናወጥ፣ የሚስት ስሜት መናወጥ፣ የባል ራሱን መግታት አለመቻል። ልብ በሉ፣ ከሦስቱ ሁለቱ የወንዱ ናቸው። «የሴት ንዝንዝ ቤት አፈረሰ» እያለ ለሚጀምር ሽማግሌ ይህን ንገሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባል ከእርሻ ገብቶ ሰላም ሳይል መደቡ ላይ ቁጭ አለ እንበል። ልቧ የረጋ ሚስት «ደክሞታል» ትልና ውኃ ታቀርባለች። ስጉዋ «ምን አድርጌው ነው?» ትላለች፤ ቀጥሎም «ንቆኝ ነው» ወደሚለው ታልፋለች። ፊቱ አንድ ነው፣ ንባቡ ሁለት። እንዲህ ያለው ሰው (ወንድም ይሁን ሴት) ቶሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ ያለፈውንም አይረሳም። ስለዚህ የዛሬው ጠብ የአምናውንና የካቻምናውን ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው እሺ ባይነት ማነስ ነው፤ ሽሙጥና ንቀት የሚወለዱት ከዚህ ነው። ጆን ጎትማን የሚባለው ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲከራከሩ እየቀረጸ ሲያጠና፣ ፍቺን አጉልቶ የሚጠቁመው ቁጣ ሳይሆን ንቀት ሆኖ አግኝቶታል። እዚህ ጎጃም ደግሞ ሽሙጡ በሰምና ወርቅ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ሽማግሌው ቃሉን ሲመዝነው ስድብ አያገኝበትም። ሁልጊዜ «አንተ» የምትለው ሚስት በጠብ መሐል «እርስዎማ ምን ይጎድልብዎታል!» ካለች እሱ የደም ሥሩ ይገተራል፤ ለሰሚ ግን ከበሬታ ነው። ስለዚህ «ምን አለችህ?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «እንዴት አድርጋ አለችው?» ይጠየቅ።

ይለወጣል ወይ ላልከው፣ በመንታ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰውና በሰው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶው ገደማ ከዘር የሚመጣ መሆኑን ያሳያሉ። የቀረው በኑሮ ይቀረጻል። ሰው በሃያዎቹ ዕድሜ እየረጋና እየተጠነቀቀ ይሄዳል፣ ግን ዓመታት ይወስዳል። «ከዛሬ ጀምሮ ቁጡ አልሆንም» የሚል መሐላ ሽማግሌ መቀበል የለበትም፤ ሊጠበቅ የማይችል ቃል ነው። መቀበል ያለበት ጠባዩ ላይ የተንጠለጠለውን ትንሽ ነገር ነው፤ በስንት ሰዓት እንደሚነጋገሩ፣ በምን ቃል እንደሚጀምሩ፣ የወጣው መቼ እንደሚመለስ፣ ገንዘቡ ማን ጋር እንደሚቀመጥ።

ቡሬ_በርበሬ
ይቅርታ እህቴ፣ ጠባይ ጠባይ ትላላችሁ እንጂ ዋናው ኪስ ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት፣ የማዳበሪያው ዕዳ ሲጠየቅ፣ መስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ ሲመጣ ቅዱሱም ይቆጣል። ያው ሰው ጥር ላይ እህሉ ሲገባ ሣቂ ተጫዋች ነው። ታዲያ አመል ነው ወይስ ማጣት?

የዳሞቷ
ሁለቱም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ትዳርን በረጅም ጊዜ የተከታተሉ 115 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ የደረሰበት ይህንኑ ነው። ሰው ይዞት የሚገባው ጠባይና አስተዳደግ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ጫና አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጥንዶቹ ነገሩን የሚይዙበት መንገድ አለ። እርስዎ ያነሡት ነሐሴ ሁለተኛው ነው። ነሐሴ ግን መንደሩን በሙሉ እኩል ያገኛል፤ ጠቡ በየቤቱ እኩል አይደለም።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ደግሞ ቀላል ነው። የነሐሴን ጠብ በየካቲት መጨረስ። ጤፉ ከአውድማ ሲገባ፣ ሳይሸጥ፣ ሁለቱም ጎተራው አጠገብ ቆመው በአራት ይመድቡት፤ ዘር፣ ቀለብ፣ ዕዳና ግብር፣ ድግስና ልብስ። ለቀለብ መነሻ የሚሆነው በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ስሌት ለአንድ አዋቂ በዓመት ሁለት ኩንታል ከሩብ ገደማ እህል ነው፤ ለአምስት ሰው ቤት ልጆቹን አሳንሳችሁ አስቡት። ቀለቡ ከተለየ በኋላ የሚሸጠው ምን ያህል እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል፤ ስጉው ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ነገር ከማያውቀው ያነሰ ይፈራዋል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም አሮጌ ጉዳይ አይነሣ። የውርስ፣ የወንድም፣ የድሮ ቅያሜ ወሬ ለኅዳር ይቆይ።

እናርጅ_እናውጋ
ከላይ የተጻፈው ጠባዩን ለየብቻ ያሳያል። ጠብ ግን የሁለት ጠባይ መጋጠም ነው፤ አብዝቶ የሚታየው ገፊና ሸሺ የሚባለው ነው። በጽሑፍ ላሳያችሁ።

«ማዳበሪያውን ዛሬም ሳታመጣው ቀረህ? ያንተ ነገር!»
ዝም።
«አልሰማህም እንዴ?»
«ሰምቻለሁ።»
«ሰምቶ ዝም ያለ ምን ይባላል? ድሮም እናንተ ቤት…»
ጋቢውን ይደርብና ይወጣል። ማታ ሦስት ሰዓት ሲመለስ ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች።

እሷን ብትጠይቁ «ካልገፋሁት ንቅንቅ አይልም»። እሱን ብትጠይቁ «ካልወጣሁላት አትተወኝም»። ሁለቱም ከፊሉን ልክ ናቸው፤ የእሷ መግፋት እሱን ያስወጣዋል፣ የእሱ መውጣት እሷን ያስገፋታል። ሽማግሌ «ማን ጀመረው?» ብሎ ከጠየቀ እስከ ሠርጋቸው ማግስት ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳሉ እንጂ መጀመሪያው አይገኝም።

ገፊዋ ሁልጊዜ ሴት የምትመስለው ተፈጥሮዋ ስለሆነ አይደለም። ለውጥ የሚፈልገው ወገን ይገፋል፣ ባለበት ቢቀር የሚመቸው ይሸሻል። በቤት ሥራ፣ በልጅ፣ በወጪ ለውጥ የምትፈልገው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ጉዳዩ የባል ጥያቄ ሲሆን ልዩነቱ እንደሚጠብ አሳይቷል።

ለገፊው፦ ጎትማን እንዳየው ክርክር አካሄዱ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ይታወቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ሥሩ። «ያንተ ነገር»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ድሮም»፣ «እናንተ ቤት» የሚሉት አራቱ ይውጡ። በምትካቸው የሆነው ነገር፣ ያሰጋው ነገር፣ በቀን የተቆረጠ ጥያቄ ይግቡ። «ማዳበሪያው እስከ ሰኔ 15 ካልገባ ዘር ያመልጠናል ብዬ ፈርቻለሁ። ሐሙስ ትሄዳለህ ወይስ ለወንድምህ ልንገረው?» ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ይከብዳል፤ ሐሙስ ወይም ወንድም መባል አለበት።

ለሸሺው፦ መውጣት ይፈቀድለታል። ሲናደድ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ ከመታ የሚሰማው ነገር አይገባውም፤ መልስ ቢሰጥም የሚቆጭበትን ነው። በስልኩ ሰዓት 30 ሰከንድ ቆጥሮ ከ50 ካለፈ ይቁም። ነገር ግን ሦስት ግዴታ አለበት።
1. ከመውጣቱ በፊት የሚመለስበትን ሰዓት ይናገር። «ከራት በኋላ እንጨርሰዋለን» ይበቃል።
2. ከ20 ደቂቃ አያንስ (ሰውነት ከዚያ በፊት አይበርድም)፣ ከአንድ ቀን አይበልጥ።
3. ውጭ ሆኖ ነገሩን አያብሰልስል፣ ለእህት ለወንድም አይደውል፣ ጠላ ቤት አይግባ። ከብት ያስገባ፣ እንጨት ይፍለጥ፣ ይራመድ።

የሚበላሸው አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። ያለ ቀጠሮ የወጣ ሰው ለስጉ ሚስት የሄደ ሰው ነው። ጠላ ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ጭራሽ ብሶበት ይመጣል።

ዲማ_ቅኔ
እንዲያው ልጠይቅ። እዚህ አገር ሰው በዝምታ ያደገ ነው፤ «ዝም አይነቅዝም» እያለ። ገበሬውን አስቀምጦ «የፈራኸውን ተናገር» ማለት ያዋርደዋል። የንስሐ አባት ጋር እንኳ ስንት ጊዜ ተመላልሶ ነው አንዲት ቃል የሚወጣው። ከተማ የተጻፈ ምክር ገጠር ሲገባ መሳቂያ እንዳይሆን።

እናርጅ_እናውጋ
መምህር፣ ልክ ነዎት፤ ሁሉም ዝምታ ግን አንድ አይደለም። ነገር እስኪበርድ የሚቆይ ዝምታ አለ። ሌላውን ለመቅጣት የሚደረግ ደግሞ አለ፤ እሱ ኩርፊያ ነው። መለያው ሥራው ነው። የሚቆየው ሰው ወጥ ሲቀርብለት ይበላል፣ ልጁን ያጫውታል፣ «ነገ እናወራለን» ይላል። አኩራፊው እንጀራውን ይገፋል፣ በልጅ አማላጅነት ያወራል («ለእናትህ ውኃ በላት»)፣ መኝታ ይለያል። የመጀመሪያውን አትንኩት። ሁለተኛው ሦስት ቀን ካለፈው ሽማግሌ ሳይጠራ መግባት አለበት።

«የፈራኸውን ተናገር» ማለትም ግድ የለም። ጎን ለጎን እየሠሩ ማውራት ፊት ለፊት ከማውራት ይቀላል፤ ዝምተኛ ሰው ዓይን ሲያዩት ይዘጋል። ገበያ ሲሄዱ በመንገድ፣ ድንች ሲቆፍሩ፣ በቆሎ ሲፈለፍሉ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይቅረብለት፣ አንዱን ይምረጥ። በቡና ላይ ግን አይሁን፤ ጎረቤት የተሰበሰበበት ቡና ለዝምተኛ ሰው ችሎት ነው።

ዲማ_ቅኔ
ይህኛው ይሆናል። የንስሐ አባቶችም ቢሰሙት።

ፈረስ_ቤት_ነርስ
ከጤና በኩል አንድ ነገር ልጨምር፣ ሽማግሌዎች ስለማያነሡት። ጠባይ ከልጅነት ጀምሮ ያለ ነው። ጠባዩ በወራት ውስጥ *የተለወጠ* ሰው ግን መጀመሪያ የሚሄደው ጤና ጣቢያ እንጂ ሽማግሌ ፊት አይደለም።

ደጋው ላይ እንቅርት ብዙ ነው። እንቅርት ያለበት ሁሉ ነጭናጫ አይሆንም፤ የዕጢው ሥራ ከመጠን ሲበዛ ግን ሰውየው ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እየበላ ይከሳል፣ ሙቀት አይችልም። ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማል። «ካገባችኝ ወዲህ አበደች» የተባለላት ሴት አንገቷን የሚነካላት ሰው ቀድሞ ያስፈልጋታል።

አራስ ቤት። ከወለደች በኋላ ባሉት ቀናት ማልቀስና መነጫነጭ በብዙዎች ላይ ይታያል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሕፃኑን ማየት ካስጠላት፣ «ብሞት ይሻል ነበር» ካለች የወሊድ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ትምጣ።

ወንድ ሲደበር ብዙ ጊዜ አያለቅስም። ይቆጣል፣ ይጠጣል፣ ከማኅበር ይቀራል፣ ሥራ ያቆማል። «ሰነፍ ሆነ» ይባላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንዲህ ከሆነ ይታይ።

አረቄ ደግሞ ራስን የመግታትን ኃይል የሚቀንስ ነው፤ የዳሞቷ የጠቀሰችው ሦስተኛው ምክንያት ላይ በቀጥታ ይሠራል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን መሐላ እንዲያቆም አታስምሉት። ሰውነቱ ለምዶት ከሆነ በድንገት ማቋረጡ ራሱ መንቀጥቀጥና የሚጥል ዓይነት ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ በሐኪም ይቀንስ።

ባሕር_ዛፍ_ጥላ
ኮከባቸው ካልገጠመስ? ብዙ ቤተሰብ ሳያስቆጥር አይድርም። ሥነ ልቦናውም ያው «ጠባያቸው ይመሳሰላል ወይ» ማለት አይደለም?

የዳሞቷ
አይደለም። የሚገርመው ነገር መመሳሰል ራሱ የሚባለውን ያህል አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ከ20 ሺህ በላይ ሰው የታየበት ጥናት፣ ለትዳር እርካታ የሚበልጠው የራስ ጠባይ፣ ቀጥሎ የትዳር ጓደኛ ጠባይ መሆኑን አሳይቷል። መመሳሰሉ ከሁለቱ በኋላ የጨመረው ኢምንት ነው። ሁለት ግልፍተኞች ይመሳሰላሉ፣ ቤቱ ግን አይረጋም።

ስለዚህ ለተጫጩት «ትመሳሰላላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ስትናደድ ምን ታደርጋለህ? ከዚያስ እንዴት ትመለሳለህ?» ማለት ይሻላል። መልሱን ደግሞ ከራሱ ሳይሆን ከእህቱና አብሮት ወንፈል ከሚገባው ጎረቤት ስሙት። በሬ ሲያስቸግረው ምን ያደርጋል? ዕዳ ሲጠየቅ? ሰው ሲያሾፍበት?

በስልክ የሚዞሩት «አንተ ይህን ዓይነት ሰው ነህ» የሚሉ ፈተናዎችም ከኮከብ ብዙ አይርቁም። ከሁሉ የሚከፋው «እኔ እንዲህ ነኝ፣ ፈተናውም ብሏል» እያሉ መደገፊያ ማድረጋቸው ነው።

በዕድሜም ጉዳይ አንድ ነገር ልበል። ሕጉ 18 ዓመት ያለው ያለ ነገር አይደለም። በ14 እና በ15 የተዳረች ልጅ ጠባይዋ ገና አልረጋም። በ25 ዓመቷ ሌላ ሰው ስትሆን ባልየው «ተበላሸች» ይላል። አደገች እንጂ አልተበላሸችም።

አባይ_ማዶ
ስለ ጥንቁቅነት ማንም አላነሣም፤ ከተማ ውስጥ ግን ትልቁ ጠብ እሱ ነው። አንዱ ሳንቲም ይቆጥራል፣ ሌላው እጁ ያፈሳል። አንዱ ደመወዙ ሳይገባ ለወሩ መድቦ ይጨርሳል፣ ሌላው ለአጎቱ ልጅ ክርስትና 3 ሺህ ብር ልኮ ማታ ይናገራል። ቆጣቢው «ገብጋባ» ይባላል፣ ሰጪው «በታኝ»፤ ስድቡ ሲጀመር ሒሳቡ ይረሳል።

የሚሠራው የጠባይ ክርክር ሳይሆን የመጠን ስምምነት ነው፦

አንደኛ፣ ጣራ ይቆረጥ። ለምሳሌ ከ1 ሺህ ብር በታች ማንም ማንንም አይጠይቅ፣ ከዚያ በላይ ሳይነጋገሩ አይወጣ። ቁጥሩ የገቢያቸው ጉዳይ ነው፣ ከወር ገቢያቸው ከሃያ አንዱ ጥሩ መነሻ ነው። ጣራ ከሌለ ቆጣቢው የጨው መግዣም ይጠይቃል፤ ጣራው ከበዛ ደግሞ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛ፣ የዘመድ ገንዘብ ለብቻው። የለቅሶ፣ የሠርግ፣ የማኅበር፣ የእናት አባት። በዓመቱ መጀመሪያ ለሁለቱም ወገን እኩል ይመደብ። ጠቡ የሚነሣው ከመጠኑ ይልቅ «ያንተ ወገን» ከሚለው ስሌት ነው።

ሦስተኛ፣ እቁብ ሲወጣ የሚውልበት ነገር ከመግባታቸው በፊት ይጻፍ። ዕጣው ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ውይይት ውይይት አይደለም።

ሰው ወዳድነትንም እዚሁ ላንሣ። ሳይናገር አራት እንግዳ ይዞ የሚገባ ባል ክፉ አይደለም፤ ሰው ሲያይ ደስ የሚለው ነው። ለሚስቱ ግን አራት እንግዳ ማለት ቢያንስ ስምንት እንጀራ፣ ወጥ ማብዛት፣ ቡና ማፍላት ነው፤ ሊጡ ገና ካልቦካ ደግሞ ከጎረቤት መበደር ነው። የአንድ ሰዓት ስልክ ቅድሚያ ይህን ሁሉ ያቀለዋል። ለቤት ወዳዷ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን «ዛሬ ሰው አይመጣም» የተባለ ቀን ይኑራት።

ጮቄ_ስር
አባይ_ማዶ፣ እጅህ ይባረክ። አሁን የቀረኝ የሽማግሌው ጥያቄ ነው። አያ ደጀን እዚህ ካሉ ቢመልሱልኝ።

አያ_ደጀን
አለሁ ልጄ። ባጭሩ ልጻፍ።

ሽማግሌ ሦስት ይሁን፤ አንድ ከእሱ ወገን፣ አንድ ከእሷ፣ አንድ ከሁለቱም ያልሆነ። ከሦስቱ አንዷ ሴት ብትሆን የማይሰማው ይሰማል። መጀመሪያ ለየብቻ 20 20 ደቂቃ ይሰሙ። አንድ ላይ ከተጀመረ ተናጋሪው ያሸንፋል፣ ዝምተኛው ይፈርማል።

ለየብቻ ሲሰሙ ሦስት ጠብ ያስመጡ። የመጨረሻውን፣ የከፋውን፣ የመጀመሪያውን። በእያንዳንዱ ላይ «ከዚያስ?» እያሉ ብቻ ይጠይቁ። እሷ ምን አለች? ከዚያስ እሱ ምን ተሰማው? ከዚያስ ምን አደረገ? ከዚያስ እሷ? አምስት ስድስት ጊዜ «ከዚያስ» ካሉ ነገሩ ዞሮ ከተነሣበት ይመለሳል፣ ክቡ ይዘጋል። ሦስቱም ጠብ አንድ ክብ ካወጡ፣ በሬውም እናትየዋም ምክንያት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ሦስቱ የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ አመል አትበሉ፤ እውነተኛ የጥቅም ጠብ ነው፣ እንደ ቀድሞው ይዳኝ።

ከዚያ አንድ ላይ ቁጭ አድርጎ ክቡን መንገር ነው፤ ፍርድ ሳይሰጡ። «አንቺ ስትገፊ እሱ ይወጣል፣ እሱ ሲወጣ አንቺ ትገፊያለሽ፣ እንዲህ ነው?» ሁለቱም «አዎ» ካላሉ አይቀጠልም። ካሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። አምስት ነገር ያሸከሙት ሰው አንዱንም አይፈጽም።

ትልቁ ጉድለታችን መመለሱ ነው። መርቀን እንሄዳለን። በ15 ቀን፣ በ40 ቀን፣ በሦስት ወር አንድ ሽማግሌ ይሂድ። ሲሄድ «ተስማማችሁ?» አይበል፣ «ተስማማን» ይሉታልና። «ባለፈው ሳምንት ሲወጣ የሚመለስበትን ተናግሯል?» ይበል።

የቃል ካሣም ይቀነስ። ካሣ ጥፋተኛ ይፈልጋል፣ ክብ ደግሞ ጥፋተኛ የለውም።

ሞጣ_ሕግ
አያ ደጀን፣ አክብሬዎት ነው፤ የመጨረሻዋ ቃልዎ ላይ ግን ድንበር ይሠመርባት። ዱላ ባለበት ቤት ክብ የሚባል ነገር የለም። የሚመታ ሰው «ግልፍተኛ ነኝ፣ አመሌ ነው» ይላል፤ አለቃው ሲሰድበው ግን እጁን አይሰነዝርም። ሚስቱ ላይ ብቻ የሚገነፍል ግልፍተኝነት ጠባይ ሳይሆን ምርጫ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል ያደርገዋል። በሽምግልና ተስማማን ማለት ይህን አይፍቀውም። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 79/1995፣ ባልና ሚስት ቤታቸውን በማስተዳደር እኩል ናቸው። የመሬት ይዞታ ደብተሩም ብዙ ጊዜ የሁለቱን ስም የያዘ ስለሆነ «ከቤቴ ውጪ» የሚለው ማስፈራሪያ ባዶ ነው፤ ብዙ ሴት ግን አታውቀውም፤ ይነገራት።

ለየብቻ በሚሰሙበት ሰዓት፣ የባል ዘመድ በሌለበት፣ ሴቷ ሽማግሌ እነዚህን ትጠይቅ፦ ሲገባ ትፈሪዋለሽ? አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል? ብትሄጂ እገድልሻለሁ ብሏል? ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ? ከእነዚህ ለአንዱ «አዎ» ከተመለሰ ሽምግልናው እዚያው ይቁም፣ አንድ ላይ አይቀመጡ። በተለይ ማነቅ ወደፊት ለሚመጣ ግድያ የታወቀ ምልክት ነው፤ አንገቷ ላይ ምንም ባይታይም ጤና ተቋም ትታይ። ከዚያ ፖሊስና የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ነው። እሷ የነገረቻችሁን ለእሱ አትድገሙ፤ ማታ አብራው የምታድረው እሷ ናት።

አያ_ደጀን
ትክክል ነህ ልጄ። ይህ ከሁሉ በፊት ይጠየቅ፤ ለየብቻ የሚሰሙበት ሰዓት መጀመሪያ ላይ ይግባ።

ቡሬ_በርበሬ
እኔ አሁንም ኪስ እላለሁ፤ የየካቲቱን አከፋፈል ግን ወስጃለሁ።

ጮቄ_ስር
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ትምህርቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት ለሞጣ_ሕግ ጥያቄዎችና ለጤናው፣ አንድ ሰዓት የማዳበሪያውን ጭውውት እየተጫወቱ ክቡን ማውጣት፣ የቀረው ለገንዘቡ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ባልና ሚስት ሽማግሌ ሳይጠሩ ለብቻቸው የሚሠሩት አጭር ነገር ይኖራል? ማንበብና መጻፍ ለማይችሉም የሚሆን።

የዳሞቷ
አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ 120 ጥንዶችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ነው። ከፊሎቹ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 7 ደቂቃ፣ የቅርብ ጊዜ ጠባቸውን *ለሁለቱም መልካም የሚመኝ ሦስተኛ ሰው* ቢያየው እንዴት እንደሚያየው ጻፉ። የሌሎቹ የትዳር እርካታ እየወረደ ሲሄድ የእነዚህ ባለበት ቆመ። በዓመት 21 ደቂቃ ማለት ነው። ጠባቸው ቁጥሩ ብዙ አልቀነሰም፤ የቀነሰው በጠቡ የሚደርስባቸው መቃጠል ነው።

መጻፍ ለማይችሉ በቃል ይሁን፣ ግን ለየብቻ። የምትወደው፣ ሚስትህንም የምትወዳት አንድ ሰው አስብ፤ የክርስትና አባት ወይም ሚዜ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ቢሰማችሁ ምን ይል ነበር? ሁለተኛ፣ እንደ እሱ እንዳታይ የሚከለክልህ ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ በሚቀጥሉት አራት ወራት ያን ዓይን እንዴት ትይዘዋለህ? ሦስቱን ጥያቄ ለራሱ ጮክ ብሎ ይመልስ፣ ለሚስቱ መንገር ግድ የለበትም። ጊዜውን በበዓል አስሩት፣ እንዳይረሳ፦ ለመስቀል፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ሰሞን።

የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ሰው እናቱ ወይም እናቷ ከሆነች። ወገን የያዘ ዓይን አይሠራም።

ባሕር_ዛፍ_ጥላ
የሚዜው ነገርስ? ብዙ ሚዜ የወንዱ ጓደኛ ነው።

የዳሞቷ
ስለዚህ እሷ የራሷን ትምረጥ። ሁለቱ አንድ ሰው ማሰብ የለባቸውም።